መልስ፦ አንደኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ከመስከረም በፊት ምን እናዘጋጅ?

ልጅዎ ዘንድሮ በ7 ዓመቱ አዲስ አበባ ዳርቻ ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል እንደሚገባ ገልጸው፣ መምህራን ከወላጅ ምን እንደሚጠብቁ ጠይቀዋል። በከተማዋ ዳርቻ ለዓመታት አንደኛ ክፍል እንዳስተማረ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የማለዳውን ሰዓት ነው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚደርስ ልጅ የሚያመልጡት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ ጓደኞቹ ተሰልፈው ሲገቡ፣ ቦታቸውን ይዘው ደብተር ሲያወጡ የሚለምዱት ሥርዓት ጭምር ነው፤ በር ላይ ብቻውን ቆሞ ሁሉም ሲያየው ደግሞ ይሸማቀቃል። በጭቃውና በታክሲ ሰልፉ ምክንያት በእኛ አካባቢ መዘግየት እንደማይቀር ስለማውቅ፣ ከጳጉሜን ጀምሮ በጊዜ ተኝቶ በትምህርት ቀን ሰዓት እንዲነሣ ያለማምዱት።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ስለሚቀርብ የምሳ ዕቃ አያሳስብዎት፤ የማይስማማው ምግብ ካለ ግን ለመምህሩ አስቀድመው ይንገሩ። እጁን ታጥቦ በራሱ መብላትን፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እጅ አውጥቶ ማስፈቀድን ቤት ውስጥ ይለማመድ። ደብተሩና ሹራቡ ላይ ስሙን ይጻፉበት።

የቤት ሥራውን ግን አደራ እርስዎ አይሥሩለት። ተሳስቶ ቢያመጣው መምህሩ ምኑ እንዳልገባው ይረዳል፤ በእርስዎ እጅ ተስተካክሎ ከመጣ ግን ችግሩ እስከ ፈተና ድረስ ተደብቆ ይቆያል። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው ደብተሩን ገልጦ ማየትና መፈረም ይበቃል።