ስለ እግር ጉዳት ጠይቁ፣ ግን አንብባችሁ ጠይቁ

ሰላም የቡድኑ ልጆች። ባለፈው ቃል እንደገባሁት ዛሬ ማታ ከዳሌ በታች ያለውን ጉዳት ሁሉ መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ ቀድሜ ልበል። አንደኛ ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሁለተኛ «እግሬን ያመኛል ምን ላድርግ» ለሚል ሰው መልስ የለኝም። የቱ ጋ፣ መቼ ጀመረ፣ ምን ስታደርጉ፣ አብጧል ወይ፣ ትረግጡበታላችሁ ወይ፣ እሱን ጻፉልኝ።

ቆጪ 10 ቁጥር፦ ዶክተር ሰላም ነህ? እግሬን ያመኛል ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ሄርማታ፦ ትላንት ሜዳው ጭቃ ነበር ግራ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጠፈብኝ። በውጭ በኩል እንቁላል አክሎ አብጧል፣ እያነከስኩ እሄዳለሁ። ሰፈር ያለ ወጌሻ ነገ ጠዋት ና ልሽህ ብሎኛል፣ ልሂድ?

መልስ፦ አትሂድ። ይሄን በየሳምንቱ እላለሁ ዛሬም እላለሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበጠ እግር አይታሽም። «ጅማቱ ዞሯል ይመለስ» የሚባል ነገር የለም፣ ጅማት አይዞርም፣ ወይ ይለጠጣል ወይ ይበጠሳል። በቁርጭምጭሚት በውጭ በኩል 3 ጅማቶች አሉ፣ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው ነው፣ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። እብጠቱ ደምና ፈሳሽ ነው፣ ሊረጋ የጀመረውን ደም በአውራ ጣት ስትፈልጠው እንደገና ይደማል፣ ያኔ ጭራሽ ሲያብጥ «መጥፎው ደም እየወጣ ነው» ይሉሃል።

አሁን ራጅ ያስፈልግሃል ወይ የሚለውን ራስህ ፈትሽ። በ1992 እ.ኤ.አ ካናዳ ኦታዋ ያሉ የድንገተኛ ሐኪሞች ያወጡት ቀላል መመዘኛ ነው። ጉዳቱ የደረሰ ጊዜና አሁን 4 እርምጃ መራመድ ችለሃል? እያነከስክም ቢሆን ይቆጠራል። ቀጥሎ አጥንቱን በጣትህ ተጫን፣ የቁርጭምጭሚትህን የሁለቱን ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ ከጫፍ ጀምረህ ወደ ላይ 6 ሳንቲሜትር ድረስ፣ ከዛ በእግርህ ውጪኛ ጠርዝ መሀል ላይ ያለችውን ጎላ ያለች አጥንት፣ ከዛ ደግሞ በውስጥ በኩል ከጉብታው ፊት ያለችውን። አጥንቱ ላይ ካመመህ ወይ 4 እርምጃ ካቃተህ ራጅ ተነሳ። ካልሆነ ጨርቅ ውስጥ በረዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ፋሻ ሳይጠብቅ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ፣ ከ2 ከ3 ቀን በኋላ ህመሙ በፈቀደልህ ልክ መራመድ ጀምር። ጥርስህን ስትቦርሽ በአንድ እግርህ ቁም። ይሄን የሚንቅ ሰው ነው በዓመት 3 ጊዜ ወለም የሚለው።

የወጌሻ ልጅ፦ ይቅርታ ግን ወጌሻን እንዲህ ማጣጣል ነውር ነው። አያቴ ስንት ዓመት ሙሉ የስንቱን ሰው እጅና እግር መልሷል፣ ሆስፒታል ሄዶ የባሰበት የለም እንዴ?

ግብ ጠባቂው፦ እውነቱን ነው፣ እኔም ጣቴ ወልቆ ወጌሻ ነው የመለሰልኝ

ጊንጆ፦ የጎረቤታችን ልጅ ግን በወጌሻ እጁን አጥቷል፣ እሱንስ?

የወጌሻ ልጅ፦ የማያውቅ ሰው ነዋ የነካው!

መልስ፦ ቆዩ ቆዩ። ወጌሻን አልሰደብኩም፣ እኔስ ቦርሳ ይዤ ሜዳ ስገባ «ወጌሻ!» ብላችሁ አይደል የምትጠሩኝ። እጃቸው ብዙ የሚያውቅ አሉ። እኔ የምፈራው ሁለት ነገር ነው፣ ትኩስ ጉዳት ማሸትና በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር። ሁለተኛውን ኋላ እመለስበታለሁ፣ አሁን ጥያቄ እንቀጥል።

የጅሬን ሯጭ፦ ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን ዳገት እሮጣለሁ። ከ2 ወር ወዲህ ከተረከዜ ከፍ ብሎ ቋንጃዬን ያመኛል፣ ከአልጋ ስወርድ ድርቅ ይላል፣ ስሮጥ ይሞቅና ይተወኛል፣ ማታ ደግሞ ይመለሳል። ልረፍ ወይስ መርፌ ልወጋ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! እግዜር ይስጥህ። ቋንጃ የምትለው በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙ ነው፣ የባትህን ጡንቻ ከተረከዝህ ያያይዛል። ችግሩ ከተረከዝ ከ2 እስከ 6 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ደም በደንብ አይደርሰውም፣ አብዛኛው ሰው የሚታመመውም የሚበጠስበትም እዛው ነው። ዳገት ደግሞ ተረከዝህን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ በየእርምጃው ቋንጃህ ተለጥጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዳገቱን ለጊዜው ተወው፣ ሜዳ ሜዳውን ዱብ ዱብ በል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትረፍ፣ ጅማት ሥራ ካጣ ይደክማል።

ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ነበር፣ ሯጭ ነው፣ ያንተው ህመም ያዘው። አለቃውን ቀዶ ሕክምና አድርግልኝ ቢለው እምቢ አለው፣ ሥራ ትፈታብናለህ አለው። እሱም ተናዶ «እንግዲያው ይበጠስና ያኔ ትሠራዋለህ» ብሎ ቋንጃውን በኃይል ማሠራት ጀመረ፣ እንኳን ሊበጠስ ጭራሽ ዳነለት። በ1998 እ.ኤ.አ በሌሎች ሯጮች ላይ ሞክሮ አሳተመው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶችህ ቁም፣ በደህናው እግርህ ተነስ፣ በሚያምህ እግር ቀስ ብለህ ተረከዝህን ከጠርዙ በታች አውርድ። 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበትህን ቀጥ አድርገህ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር ትንሽ አጥፈህ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 ማለት ነው። ትንሽ ያምሃል፣ ይመምህ። 3ኛ ሳምንት ላይ «አልሠራልኝም» ብለህ እንዳትመጣብኝ።

ስቴሮይድ መርፌ ቋንጃ ላይ አትወጋ፣ ያዳክመዋል። ሲፕሮ ደግሞ ሰው ለተቅማጥ ከፋርማሲ እንደ ማስቲካ ገዝቶ ይውጣታል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ቋንጃ ሊያስበጥስ እንደሚችል ስንቱ ያውቃል? እየወሰድክ ቋንጃህን ካመመህ አቁመህ ላዘዘልህ ሐኪም ተናገር።

መንደራ፦ ጅማ ተቀምጠን ስለ ጅማት ካላወራን ስለ ምን እናወራለን 😂

ቦሳ፦ እኔ እጅ ኳስ ተጫዋች ነኝ። ከዝላይ ሳርፍ ጉልበቴ ጧ አለ፣ ማንም አልነካኝም፣ በሰዓታት ውስጥ አበጠ። ወሩ ሞላው፣ እብጠቱ ጠፍቷል ግን ስዞር ጉልበቴ ይከዳኛል።

መልስ፦ እህቴ ጨዋታ አቁሚ። ማንም ሳይነካሽ ጧ ብሎ፣ ወዲያው አብጦ፣ ኋላ የሚከዳ ጉልበት እስኪመረመር ድረስ መሀል ጉልበት ላይ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል ብለን ነው የምንይዘው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበዛል። የአጥንት ሐኪም በእጁ ስቦ ያየዋል፣ ኤምአርአይ ከዛ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምና ቢሆንም ባይሆንም የታፋ ጡንቻሽን ከዛሬ ጀምሮ ማጠንከር አለብሽ። ከተሠራሽ ከ9 ወር በፊት ሜዳ የለም። ጉልበትሽ ታጥፎ አልዘረጋም ካለ ደግሞ በመሀል ያለው ልስልስ አጥንት ተቀዶ ተወትፎ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቶሎ ሂጂ። ደግሞ አትታሺ!

ግብ ጠባቂው፦ በ80ኛው ደቂቃ ባቴን ስትራፖ ይይዘኛል፣ ጨው ልላስ?

መልስ፦ ልምምድ ጨምር። ሲይዝህ ጣቶችህን ወደ ራስህ ሳብ።

ጊንጆ፦ የ13 ዓመት ወንድሜ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ እብጠት ወጥቶበታል፣ ሲዘል ያመዋል

መልስ፦ የእድገት ነው፣ ጅማቱ የሚያድገውን አጥንት እየጎተተው ነው። ዝላዩን ይቀንስ። ሌሊት የሚያመው ወይ የሚያተኩሰው ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

መንደራ፦ ቁመት የሚጨምር ስፖርት አለ?

መልስ፦ ቀጣይ።

መንደራ፦ ታኬታስ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ልክህ የሆነው።

ሄርማታ፦ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የነበሩት ልጆች ይሄ ሁሉ ነገር ነበራቸው?

ግብ ጠባቂው፦ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን! እሱን አታንሳብኝ አስለቅሰኸኝ

መንደራ፦ የዛን ጊዜ ቡድን ቢኖር ኖሮ…

መልስ፦ ኳሱን ሌላ ጊዜ ታወሩታላችሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ወንድሜ ይቅርታ ጥያቄዬ ከርዕሱ ይወጣ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው የቆየሁት። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፣ ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ቅልጥሙን ተመታ፣ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት። አሁን 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ማልቀስ አላቆመም፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ደንዝዞኛል ይላል። ማስታገሻ ምን ልስጠው?

መልስ፦ ሁላችሁም ዝም በሉ። እህቴ አሁኑኑ ፍቺው። ወጌሻው እስኪመጣ አትጠብቂ። ቀርከሃውንም ከስር ያለውን ጨርቅም በመቀስ ቁረጪው። እግሩን ትራስ ላይ አትስቀዪው፣ ከልቡ እኩል ይሁን። እንዳይወዛወዝ ደግፋችሁ ያዙት። ምንም አይብላ፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ባጃጅ ጠርታችሁ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ስትደርሱም «ታስሮ ነበር፣ ደንዝዟል» በሏቸው።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሺ እሺ

መልስ፦ እስኪደርሱ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ፣ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በ4 ክፍል ተከፋፍለው በማይለጠጥ ሽፋን ተሸፍነዋል። ውስጡ ሲያብጥ፣ ከውጭ ደግሞ ሲታሰር፣ ግፊቱ ደሙን ያፍነዋል። 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን ጡንቻው መሞት ይጀምራል፣ የተቆረጡት የልጆች እግሮች ስብራታቸው ብዙውን ጊዜ ቀላል ነበር፣ እግሩን የገደለው ማሰሪያው ነው። ምልክቱ ከጉዳቱ የበለጠ ህመም ነው፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ይጮሃል። የደም ምቱን አገኘሁት ብላችሁ አትዘናጉ፣ ምቱ እያለም ጡንቻው ይሞታል።

የወጌሻ ልጅ፦ አያቴ አጥብቆ አያስርም። ማታ ማታ እየሄደ ጣታቸውን ያያል።

መልስ፦ እንደሱ ያሉት ይብዙልን። ለሌሎቹ ይንገርልን።

ፈረንጅ አራዳ፦ ፈታነው ወንድሜ። ጣቶቹ ሞቅ አሉ፣ ማልቀሱም ቀነሰ። ድንገተኛ ክፍል ነን፣ ራጅ እየጠበቅን ነው።

መልስ፦ ተመስገን። ማልቀሱ ቀነሰ ብላችሁ ግን ሳይታይ እንዳትመልሱት። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አልተኛም።

ሄርማታ፦ እኔ 4 እርምጃ ሄድኩ አጥንቱም አላመመኝም። ታዲያ ነገ ቀለል አድርጎ ቢያሸኝስ?

መልስ፦ ኡፍፍፍ።

ቆጪ 10 ቁጥር፦ ዶክተር የኔን አልመለስክልኝም

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም። እሺ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?

ቆጪ 10 ቁጥር፦ እግሬን