የአንባቢያን ጥያቄ፦ በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በእሷ አይሠራም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አዘጋጆች። የባህል አልባሳት በኢንተርኔት ለሚሸጥ መደብር በፓይተን አንድ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ደንበኞች በየዕቃው ሥር የሚተዉትን አስተያየትና የኮከብ ብዛት በኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ በሚጠይቅበት መንገድ) በኩል እያመጣ ሲኤስቪ ፋይል (በኤክሴል የሚከፈት ሠንጠረዥ) ላይ ያስቀምጣል። እኔ ጋ ያለችግር ይሠራል። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የምትሠራው ልጅ ግን በየቀኑ ትደውላለች፤ አንዴ ‹‹429 አለኝ››፣ አንዴ ‹‹አማርኛው ተበላሸ›› እያለች። መመሪያ ልጽፍላት ነው፤ ምን ምን ይግባበት? — ከደሴ

መልስ፦ መመሪያውን ፓይተን እንኳ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ይጻፉ። እርስዎ ጋ ከወራት በፊት የጫኗቸው ላይብረሪዎች (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው የተዘጋጁ ኮዶች) ስላሉ የጎደለው አይታይዎትም። እዚያ የጻፏትን እያንዳንዷን ትእዛዝ እንዳለች ይገልብጡ። የፓይተኑንና የየላይብረሪውን የቨርዥን ቁጥር ያስፍሩ፤ ‹‹የመጨረሻውን ጫኚ›› ካሏት ዛሬና ከስድስት ወር በኋላ የሚጫነው አንድ አይሆንም።

ቀጥሎ የአንድ ዕቃ 10 አስተያየት ብቻ የሚያመጣ አንድ ትእዛዝ ይስጧት፤ ከሥሩም ሲሳካ የሚታየውን ውጤት ይለጥፉ። ለምሳሌ፦ ጋ-204፣ 4 ኮከብ፣ ‹‹ጋቢው ሙቀቱ ልዩ ነው፤ ጥለቱ ግን ከፎቶው ይጠባል።›› ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ስሕተቱን አይለይም።

የመመሪያው ዋና ክፍል ግን የስሕተቶቹ ነው፤ ስልኩን የሚያስደውለውም እሱ ነው። ለየስሕተቱ ምክንያቱንና መፍትሔውን ይጻፉ። 401 ከመጣ የኤፒአይ ቁልፉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት የምስጢር ኮድ፣ ጠፍቷል ወይም ተሳስቷል። 403 ከሆነ ሰርቨሩ ጥያቄው ደርሶት ፈቃድ ከልክሏል፤ ደጋግሞ መሞከር አይጠቅምም። 429 ማለት በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ልካለች ማለት ነው። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ከመልሱ ጋር ስንት ሴኮንድ መጠበቅ እንዳለባት ይነግራታል፤ ፕሮግራሙ ያንን ያክብር። ካልነገራት 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሴኮንድ እያለ ያራዝም፣ ከአምስተኛው ሙከራ በኋላም ያቁም። ሪኩዌስትስ የተባለውን ላይብረሪ ከተጠቀሙ ደግሞ የመጠበቂያ ገደብ ራስዎ ያስገቡ፤ ካላስገቡለት ገደብ የለውም፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ዝም ብሎ ተገትሮ ይቀራል።

አማርኛው አልተበላሸም። ፋይሉ ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ተቀምጧል፤ በዚህ አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኤክሴል ግን ምልክት ካላገኘ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ፊደል ያነበዋል። በየሦስት ምልክቱ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ‹ኤ› (á) ከተደጋገመ ችግሩ ይኸው ነው። ፋይሉን ሲጽፉ ‹ዩቲኤፍ-8-ሲግ› (utf-8-sig) የሚለውን ይምረጡ፤ ከፊት የሚጨምረው 3 ባይት ለኤክሴል በቂ ምልክት ነው።

ሳይደወልልዎ የሚያልፈው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አስተያየቶቹ ከአዲሱ ጀምረው በየገጹ 50፣ 50 ሆነው ይመጣሉ እንበል። አንደኛው ገጽ ወርዶ ሁለተኛው ከመጠየቁ በፊት አዲስ አስተያየት ከገባ፣ 50ኛው ወደ 51ኛ ይንሸራተትና ሁለቴ ይወርዳል። አንዱ ከተሰረዘ ደግሞ ሌላ አስተያየት ይዘለላል፤ ይህን ማንም አያየውም። ኤፒአዩ በገጽ ቁጥር ፈንታ የመቀጠያ ምልክት (የት ላይ እንደቆሙ የሚያሳይ ኮድ) የሚሰጥ ከሆነ እሱን ይጠቀሙ። የተደገመውንም በአስተያየቱ መለያ ቁጥር ያጣሩ፤ በጽሑፉ አያጣሩ፣ ‹‹በጣም ጥሩ›› ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸውና። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ እንዳይጀመርም በየገጹ መጨረሻ ያስቀምጥ።

ቀኑንም ያብራሩላት። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግቡት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጻፈ አስተያየት ፋይሉ ላይ በዋዜማው፣ 23:00 ተብሎ ይገኛል። በቀን ስትደምር ቁጥሩ ያልገጠመላት እንደሆነ መጀመሪያ ይህን ትይ።

የኤፒአይ ቁልፉን ኮዱ ውስጥ አይጻፉት፤ ከአካባቢ ተለዋዋጭ (ከኮዱ ውጭ ኮምፒውተሩ ላይ ከሚቀመጥ እሴት) ይነበብ። አንዴ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ከወጣ ቢያጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ማሰረዝና አዲስ ማውጣት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ጥያቄ፦ የአስተያየት ሰጪዎቹን ስምስ አብሬ ላውርድ? ኤፒአይ የሌለው መደብር ቢሆንስ? — ከወልዲያ

መልስ፦ ስሙን አያውርዱ። ለዕቃው ጥራት የሚጠቅመው ጽሑፉ፣ ኮከቡና ቀኑ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የሚያዘው ለተወሰነ ዓላማ እንዲሆን ይጠይቃል። የስሙን ዓምድ ፋይሉ ላይ ከመጻፉ በፊት ይጣሉት። ኤፒአይ ከሌለ የመደብሩን የአጠቃቀም ውልና ሮቦትስ የተባለውን ፋይል (ፕሮግራሞች የትኞቹን ገጾች እንዳይነኩ የሚናገረውን) አስቀድመው ያንብቡ። የሚከለክል ከሆነ ባለቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፈቃዱን ካገኙም ቀኑን ጠቅሰው መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩት።