ቤቴ ካርታው ላይ ምን ይሠራል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ተማክራችሁ የጻፋችኋቸው ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ጉግል ስትሪት ቪው ናቸው፤ ጉግል መኪና ላይ በሰቀለው ካሜራ መንገድ ለመንገድ እያነሳ ካርታው ላይ ስለሚያሳየው ምስል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴን ካርታው ላይ አገኘሁት። ግቢ ያሰጣሁት ልብስ ሳይቀር ይታያል። ማን ፈቀደላቸው?

መልስ፦ ከሕዝብ መንገድ የሚታይን ነገር ለማንሳት በብዙ አገሮች ፈቃድ አይጠየቅም። ቅሬታሽ ግን ተገቢ ነው፤ ካሜራው መኪናው አናት ላይ ስለሚሰቀል እግረኛ የማያየውን አጥር ተሻግሮ ያያል። ጃፓኖች በዚሁ ጉዳይ ስለተቆጡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ካሜራውን በ40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ እንደገና ለማንሳት ተገዷል። ደግሞ ምስሉ የተነሳበትን ጊዜ እይው፤ ልብሱ እስካሁን አርጅቶ ተጥሎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የውሻዬንስ ፊት ያደበዝዙልኛል?

መልስ፦ የጉግል ሶፍትዌር ፈልጎ የሚያደበዝዘው የሰው ፊትና የመኪና ታርጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ውስጥ የአንዲት ላም ፊት ተደብዝዞ ተገኝቷል፤ ውሻህም ዕድሉን ይሞክር።

ጥያቄ፦ የቀድሞ ባለቤቴ ይዝትብኛል። ቤት ቀይሬያለሁ፤ አዲሱን ቤት ላስደብዝዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስደብዘዙ ቀላል ነው። ምስሉን ከፍተሽ ችግር ማሳወቂያውን ትነኪና ቤትሽን ታመለክቻለሽ። አንዴ ከተደበዘዘ ግን አይመለስም፤ አፕል ካርታ ላይ ደግሞ ለብቻው መጠየቅ አለብሽ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥርት ብለው በሚታዩ ቤቶች መሀል አንዱ ብቻ ሲደበዝዝ ዓይን ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጀርመን ውስጥ 244,000 ገደማ ቤተሰቦች ቤታችን ይደብዘዝ ብለው ነበር፤ ኤሰን ከተማ ላይ ከነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንቁላል ተወርውሮባቸዋል። እዚያ ነገሩ ማስደብዘዙ ያናደዳቸው ሰዎች ሥራ ነበር፤ ያንቺ ሰውዬ ግን እያሰሰሽ ነው። የሚያገኝሽም የቤትሽን ግድግዳ አይቶ ሳይሆን ቤቱን ከአንቺ ጋር የሚያገናኝ ነገር ሲያገኝ ነው። ከመስኮትሽ ባነሳሽው ፎቶ ላይ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ከታየ፣ ሰፈሩን ከገመተ ደግሞ፣ ስትሪት ቪው ላይ በር ለበር እየሄደ ያመሳስለዋል። ስለዚህ በቅድሚያ የለጠፍሻቸውን ፎቶዎች መርምሪ፣ አብራችሁ ትጠቀሙበት የነበረውን አካውንት የይለፍ ቃል ቀይሪ፣ ስልክሽ ያለሽበትን ቦታ ለማን እንደሚያሳይ እይ፣ ልጆች ካሉ የእነሱንም ስልክ። ዛቻውን ግን አታጥፊው፣ ቅጂ ያዢ። ይህን አንብበሽም እንዳትቀመጪ፤ ዛሬውኑ ወደ ፖሊስና ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ወደሚረዳ ድርጅት ሂጂ። እኔ አምደኛ ነኝ፣ ጠባቂ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ክስ መሥርቼ ሀብታም እሆናለሁ?

መልስ፦ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ ባልና ሚስት መኪናው የግል መንገዳችን ገባ ብለው እ.ኤ.አ. በ2008 ጉግልን ከሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ተከራክረው ካሣ ተፈረደላቸው፤ 1 ዶላር። ለቀሪው ጠበቃ አማክር፣ ሒሳቡን ግን አስቀድመህ ጠይቅ።