እቁቡ ሲደርሰኝ እግሬን የሚይዘኝ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ መስመር ላይ እሠራለሁ። የራሴን ስፌት ቤት መክፈት እፈልጋለሁ። ለስፌት መኪና መግዣ ብዬ እቁብ ገባሁ። አምና ሲደርሰኝ ለወንድሜ ሚስት አበደርኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሷ አልለመነችኝም፤ እኔው ነኝ ውሰጂ ያልኳት። ስሰጣት ቅልል አለኝ። ከዚያ ደግሞ ለኪራይ ያየሁትን ክፍል፣ ባለቤቱ ቁልፍ ሊሰጠኝ በቀጠረኝ ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ሌላ ሰው ገባበት። ዘንድሮ የእቁብ ተራዬ ነሐሴ ላይ ነው። አለቆቼ «እጅሽ ወርቅ ነው» ይሉኛል። ለራሴ ሲሆን ግን እግሬ ይያዛል። ሰነፍ ነኝ?
ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሰነፍ ሰው ፋብሪካ ውሎ ማታ እቁብ አይጥልም።

ዓይኔ የቀረው «ቅልል አለኝ» ያልሽው ላይ ነው። ያን ያህል ብር ከእጅሽ ሲወጣ ሊከፋሽ ይገባ ነበር። የቀለለሽ ፈተናው ስለተላለፈልሽ ነው። ስፌት ቤቱ ካልተከፈተ ማንም «ቀሚሴን አበላሸሽብኝ» አይልሽም። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሻል ይሄ ነው፤ ላሚቱ ሰማይ ላይ እስካለች ድረስ ነጠፈች የሚላት የለም።

ይሄ ያንቺ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልሽ። በ1978 እ.ኤ.አ. ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ፈተና ሰጡ። ለአንዳንዶቹ የደረሳቸው መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር። እንዲያም ሆኖ «ግሩም ሠርታችኋል» ተባሉ። ከሁለተኛው ፈተና በፊት መድኃኒት አስመረጧቸው፤ አንዱ አእምሮ ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል ተብሎ። በግምት መልሰው ከተመሰገኑት መካከል፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ወደሚያደነዝዘው አዘነበሉ። በምን እንደተመሰገኑ አያውቁማ! ሁለተኛ ቢወድቁ «መድኃኒቱ ነው» ይላሉ።

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። «እጅሽ ወርቅ ነው» የተባልሽው በኮሌታ ነው። ሙሉ ቀሚስ ለክተሽ፣ ቀድደሽ፣ ሰፍተሽ ለሰው አስረክበሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። እንግዲያው የፍርሃትሽ ግማሹ ሰበብ ቢሆንም ግማሹ እውነት ነው። «በራስሽ ተማመኚ» የሚሉሽን ለጊዜው ተያቸው። በራስ መተማመን ቅድ አያስተምርም።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት ቅድ ተማሪ። እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ተለማማጅ የሚያስጀምሩት በሲሚንቶ ወረቀት ነው። ልኬቱን ያሰምራል፣ ይቀድዳል። ወረቀቱ ሲስተካከልለት አቡጀዲ ይሰጡታል። ደህና ጨርቅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። እጅጌ ገልብጦ ከሰፋ «ፍታው» ይሉታል፣ በቃ። ቁጣ የለም፣ ስብከት የለም። አንቺም በእረፍት ቀንሽ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጊ። እዚያው ካጣሽ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ነይ። (ጋቢ ያዢ፤ የኮምቦልቻ ሰው ብርዳችንን ይንቃል።)

ከዚያ ለጎረቤትሽ አንድ ጉርድ ስፊላት፤ ግን በገንዘብ። በነፃ ከሆነ «እጅሽ ይባረክ» ብላ ሳትለብሰው ታስቀምጠዋለች። የከፈለች ግን «ወገቡ ጠበበኝ» ትላለች። አንቺን የምትጠቅምሽ ያቺኛዋ ናት።

እቁቡን በተመለከተ፣ ብሩ እጄ ሲገባ አስብበታለሁ አትበይ። ያን ጊዜ የወንድም ሚስት አይጠፋም። ከአሁኑ መኪና ሻጩ ጋ ሄደሽ ቀብድ ስጪ። ብሩን ስትቀበዪ የምታፍሪያት ሰው አብራሽ ትሁን። ታላቅ እህት ካለሽ እሷን ውሰጃት። ለእቁቡ ዳኛም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከዚያው በቀጥታ ወደ ሻጩ። ተራሽ ነሐሴ መሆኑ ደግሞ በጀሽ፤ ትምህርት ሲከፈት የዩኒፎርም ስፌት ይበዛል። የክፍል ኪራዩ ይቆይ፤ ቤትሽ መስኮት ሥር ጀምሪ። ራስ ምታቱ ግን በሌላውም ቀን የሚመጣ ከሆነ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲደርስ ሆን ብዬ ሳላጠና እቆይና ለጓደኞቼ «ምንም አልነካሁም» እላለሁ። ሳልፍ «ሳያጠና!» ብለው ያደንቁኛል። ለብሔራዊ ፈተናውም እንዲሁ ልቀጥል?
ከደሴ

መልስ፦ አትቀጥል ልጄ። ብሔራዊ ፈተና «አልነካሁም» ስትል አይሰማህም። ያለፈ ዓመት ፈተና አንዱን አውጣና ሰዓት ይዘህ፣ በርህን ዘግተህ ሥራው። ስንት እንዳገኘህ ለጓደኞችህ የመንገር ግዴታ የለብህም። የሳትካቸውን ጥያቄዎች ግን ለመምህርህ አሳያቸው።