«ማረጋጊያ ነው» ተብሎ የተሰጠ ኪኒን

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ የሚባል አጣች። ሊያጽናኑ የመጡ ጎረቤታችን ለራሳቸው ከታዘዘላቸው ዲያዜፓም ከፍለው ሰጧት። «ማረጋጊያ ነው እኮ፣ ምንም አያደርግሽም» አሏት። ይኸው ሁለት ወር ሞላ፣ ማታ ማታ ትውጣለች። መተኛቱን ትተኛለች። ግን ቀንም ታንቀላፋለች፤ የነገርናትን ትረሳለች። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ ይዛ ነው። 68 ዓመቷ ነው። ወንድሜ «ተያት፣ ትረፍበት» ይለኛል። እኔ ግን አንስቼ ልጥለው ነው። ምን ትያለሽ?

መልስ፦
እህቴ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ኪኒኑን እንዳትጥይው! ለሳምንታት በየቀኑ የተወሰደ ዲያዜፓም በአንዴ ሲቋረጥ ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመጣል። አልፎ ተርፎ ሰውን ሊያንዘፈዝፍና ራስ ሊያስት ይችላል። የሚቆመው ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። በዚህ ሳምንት ይዘሻት ሂጂ። ኪኒኑን ከነማሸጊያው አሳዪ፣ በቀን ስንት እንደምትወስድም ተናገሪ።

ወንድምሽም ይህን ይስማ። «ማረጋጊያ» ሲባል ሰው አይፈራም። ሻይም ያረጋጋል፣ ጸሎትም ያረጋጋል። ዲያዜፓም ግን ሱስ የሚያስይዝ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። አንጎልን የሚያበርደውን ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር ያበረታል፤ ሚዛንና ትውስታም አብረው ይዳከማሉ። ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከአንድ ቀን በኋላ ግማሹና ከዚያ በላይ ገና ደም ውስጥ ነው፤ በእናትሽ ዕድሜ ደግሞ ይብስ ይቆያል። የዛሬው በትናንቱ ላይ እየተደረበ ነው ቀን የሚያንቀላፋት። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ግድግዳው ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል። እስከዚያው ሌሊት መብራት ይብራ፣ አንድ ሰው አጠገቧ ይተኛ።

ለጉልበት ለወገብ ብላ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪም ንገሪ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ያዳክማሉ። መጠጥም እንደዚያው። ትቅማለች አላልሽም፣ ግን የድሬ ሰው ነሽና ልጠይቅሽ፦ ጫት ካለ ሐኪሙ ይወቀው፣ እንቅልፍ የሚነሳት እሱም ሊሆን ይችላል።

የቀኑ ሙቀት ሲያስተኛት ብዙ እንዳትቆይ ቀስቅሻት። የማታውን ቡና ወደ ጠዋት አምጡት። ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱ ጭር ብሎባት ይሆናል፤ ስለ አባትሽ አውሯት፣ ካለቀሰችም ተዋት ታልቅስ።

ጎረቤታችሁን አትቆጪያቸው፣ አዝነው ነው የሰጡት። ከእንግዲህ ግን ለማንም እንዳያካፍሉ ንገሪያቸው።