«ልጄ» ብለው ያሳደጉኝ ሴት አማቴ ሊሆኑ ነው

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት በአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ሁለተኛ ክፍል ስማር አንድ ቤተሰብ በግቢያችን ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ገባ፤ የእነርሱ ልጅና እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳንለያይ አደግን። ለቡሄ እርሱ ሆያ ሆዬ ሲል ሙልሙሉን የምይዝለት እኔ ነበርሁ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚያዞረውን ሥዕል ቀለም የምቀባለትም እኔ ነበርሁ። እናቱ «ልጄ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ፤ የእኔ እናት ደግሞ በኋላ የተወለደችውን ታናሽ እህቱን ክርስትና አንሥታለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ወደ ዱባይ ሄዶ ስድስት ዓመት ቆየ፤ በእነዚህ ዓመታት የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነበር። ባለፈው ጥር ጠቅልሎ ከተመለሰ ወዲህ ነገራችን ጓደኝነት ብቻ አለመሆኑን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎም ጠይቆኛል። እወደዋለሁ፤ ይሁን እንጂ የሰፈሩ ሰው እንደ ወንድምና እህት ስለሚያየን ነውር የሠራሁ ይመስለኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬም አብረው ያደጉ ሰዎች ፍቅራቸው እንደማይጸና በጥናት ተረጋግጧል አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባኝ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ የአፍ ዝምድናና የእውነት ዝምድና ተደባልቀው ስላገኘናቸው አስቀድመን እነርሱን እንለይ። በአገራችን የጎረቤትን ልጅ «ልጄ» ማለት፣ በአንድ ግቢ ያደጉትንም «ወንድምና እህት ናቸው» ማለት የተለመደ የፍቅር አነጋገር ነው፤ የጓደኛዎ እናትም በዚህ ቃል ያሳደጉዎት ስለሚወዱዎት እንጂ ለጋብቻ የሚከለክል ዝምድና ለመመሥረት አልነበረም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በዝምድና ምክንያት ጋብቻን የሚከለክለው በሥጋና በጋብቻ ለተዛመዱ ሰዎች ነው፤ ጉርብትናን ከእነዚህ አይቆጥርም። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችም ቢሆኑ የሚቆጥሩት ደም ነው። ስለዚህ ነውር የሚለው ስሜትዎ ከሰፈር አጠራር የመጣ ስለሆነ ብዙ ባያስጨንቅዎ መልካም ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ያለፉት አንድ ነገር ግን የአፍ ዝምድና አይደለም፤ እርሱም እናትዎ ታናሽ እህቱን ክርስትና ማንሣታቸው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ልጅን እንደ አብራክ ልጅ ስለምትቆጥር የክርስትና ልጅ ከክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ልጆች ጋር አይጋባም። (በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ በሕፃንነታቸው ከአንድ ሴት ጡት የጠቡ ልጆች እንደማይጋቡት ሁሉ ማለት ነው፤ በጎረቤታሞች መካከል እንዲህ ያለው ነገር ተረስቶ ኖሮ ለሰርግ ሽር ጉድ ሲባል የሚታወስበት ጊዜ አለ።) ጓደኛዎ ራሱ የእናትዎ የክርስትና ልጅ ቢሆን ኖሮ መልሳችን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የክርስትና ልጅ የሆነችው ግን እህቱ ናት፤ እገዳው እርሷን አልፎ ወደ ወንድሟ ይደርስ እንደሆነ ፍርዱን የሚሰጡት ካህናት እንጂ የመጽሔት አምድ አዘጋጅ አይደለም። የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ የሚጠይቁትም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይሁን፤ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ «አይሆንም» ሁለቱን ቤተሰቦች ያስቀያይማል።

የባልደረባዎ ነገር መነሻ አለው። የፊንላንዱ ሊቅ ኤድቫርድ ቬስተርማርክ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቅርብ አብረው ያደጉ ሰዎች ሲጎለምሱ እርስ በርሳቸው እንደማይፈላለጉ እ.ኤ.አ. በ1891 ጽፎ ነበር። በኋላም ዮሴፍ ሼፈር የተባለ ተመራማሪ በእስራኤል ኪቡትስ በተባሉ፣ ልጆችን በጋራ ያሳድጉ በነበሩ መንደሮች ያደጉ ሰዎች የፈጸሟቸውን 2,769 ጋብቻዎች ሲመረምር፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት የልጅነት ዓመታት ሳያቋርጡ በአንድ የሕፃናት ቤት ካሳለፉት መካከል የተጋቡ አላገኘም። ቁም ነገሩ ያለው ዕድሜው ላይ ነው። እርስዎ ጓደኛዎን ያገኙት ፊደል ቆጥረው፣ ሁለተኛ ክፍል ገብተው ነው፤ ሲመሽም እያንዳንዳችሁ ወደየቤታችሁ ትገቡ ነበር። ባልደረባዎ የጠቀሱት ጥናት ስለ እንደ እርስዎ ዓይነቱ ሰው የተነገረ አይደለም።

እኛን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበን እነዚያ ስድስት ዓመታት ናቸው። እርስዎ አሳምረው የሚያውቁት ሙልሙል ይዘው አብረው የዞሩትን ልጅ ነው፤ ሊያገቡ የተዘጋጁት ግን በሰው አገር ሠርቶ፣ ብቻውን ታሞ፣ ብቻውን ድኖ የተመለሰ ጎልማሳ ሰው ነው። በስልክ ደግሞ ሰው የሚነግረን ሊነግረን የወደደውን ብቻ ነው። ሰው አስተዋውቋቸው የሚገናኙ እጮኛሞች አንዱ ሌላውን ስለማያውቁት ያለ ይሉኝታ ይጠያየቃሉ፤ አብሮ አደጎች ግን «እኛማ ምን እንጠያየቃለን» ብለው ስለሚተዉት የአንዱን ዕዳ ሌላው የሚሰማው ከሰርጉ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ቤቱ የላከው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ፣ ከእንግዲህ ለእናቱና ለእህቱ የሚረዳው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሥራ ቢጠፋ ተመልሶ መሄድ ያስብ እንደሆነ፣ በባዕድ አገር ሌላ ትዳር ወይም ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ ልክ ዛሬ እንደተዋወቁት ሰው አድርገው ይጠይቁት፤ እርሱም ይጠይቅዎ። የጤና ምርመራውንም አብራችሁ አድርጉ። የት እንደምትኖሩም ከወዲሁ ተነጋገሩበት፤ በእኛ አስተያየት እናቶቻችሁ ቡና በሚጠራሩበት በዚያው ግቢ ትዳር መጀመር አይበጅም፤ ጠዋት በባልና ሚስት መካከል የተነሣች ትንሽ ንግግር በረካው ሳይጠጣ በሁለቱም ቤት ትሰማለችና።

ሽማግሌ የመላኩን ነገር «የቤት ልጅ ነው» ብላችሁ እንዳታስቀሩት። በእርግጥ ሳያንኳኳ ሲገባበት በኖረው ቤት ደጅ ላይ ሽማግሌ ማቆሙ እርሱን ራሱን ሊያስቀው ይችላል፤ ከዚህም በላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሁለታችሁም ዕድርተኞች ስለሚሆኑ ማን ከማን ወገን እንደሚቀመጥ ያስቸግራል። ቢሆንም ለአባትዎ ልጁ ከጎረቤት ልጅነት ወደ አማችነት መሸጋገሩን የሚያሳየው ይህ ሥርዓት ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ቢያንስ አንዱ ከሰፈሩ ውጭ ቢሆን ደግሞ እሺም ሆነ እምቢ ለማለት አንደበት ይፈታል። ሁለቱ እናቶች ግን ይህን ነገር ከሽማግሌ አፍ መስማት የለባቸውም። እርሱ ለእናቱ፣ እርስዎም ለእናትዎ በአንድ ቀን ንገሯቸው፤ አንዷ ቀድማ ካወቀች ሌላዋ የምትሰማው በቡና ላይ ስለሆነ ቅሬታው ከዚያ ይጀምራል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን በመሆኑና በእነዚህ ቀናት ሰርግ ስለማይደረግ፣ የንስሐ አባትዎን ለማነጋገርም፣ ያላነሣችኋቸውን ጥያቄዎች ለመጠያየቅም እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ይበቃችኋል።