ጂፒ ከፓራሲታሞል ሌላ ምን ይሠራል?

እህታችን፣ እናትዎ እዚህ እንግሊዝ አገር ለሳል ሁለት ጊዜ ጂፒ (ታማሚ መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላ ሐኪም) ዘንድ ቀርበው ከፓራሲታሞልና «ካልተሻለዎት ተመልሰው ይምጡ» ከሚል ቃል በቀር ያገኙት እንደሌለ ገልጸው፣ በቀጥታ ስፔሻሊስት ማየት ለምን እንደማይቻል ጠይቀዋል። በሕክምና አስተርጓሚነት ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ይህን ቅሬታ ከወገኖቻችን፣ ምላሹንም ከሐኪሞቹ አንደበት ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

በአገራችን ጠቅላላ ሐኪም ገና ስፔሻላይዝ ያላደረገ ወጣት ተደርጎ ስለሚታይ፣ አቅም ያለው ሰው እሱን አልፎ ስፔሻሊስት ወዳለበት የግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ ደም፣ ሽንት ወይም ራጅ ያልታዘዘበትንም ቀጠሮ እንደ ምርመራ አይቆጥረውም። የእንግሊዝ ጂፒ ግን ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ 2 ዓመት የጀማሪ ሐኪም ሥልጠና፣ ከዚያም ቢያንስ 3 ዓመት በዚሁ ዘርፍ ሠልጥኖ የሚቀመጥ ነው። ለእሱ ቀናት ማሳለፍም ምርመራ ነው። አብዛኛው የጉንፋን ሳል በ3 ሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል፤ ከዚያ ካለፈ፣ ደም ከታየበት ወይም ክብደት ከቀነሰ ግን ውሳኔው ይለወጣል። «ተመልሰው ይምጡ» ሲል ከልቡ ነው፤ ታማሚው ግን እንደ መሸኛ ይሰማዋል።

ሐኪሞቹ «የሚያሰጋዎት ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁም ይሠለጥናሉ። አንድ አባት ለዚህ ጥያቄ «እኔ ባውቀው ለምን እመጣ ነበር?» ብለው መለሱ፤ ስንወጣ የፈሩት ቲቢ እንደሆነ ነገሩኝ። ስጋታቸውን እዚያው ቢናገሩት፣ ከመጡበት አገር አንጻር ሐኪሙ የደረት ራጅ ለማዘዝ በቂ ምክንያት ባገኘ ነበር።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ ከነቀፌታ ነጻ አይደሉም። ለአንድ ታማሚ የሚመደበው 10 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በአስተርጓሚ ከሆነ ግማሹ በትርጉም ያልቃል። የጂፒ ትልቁ ጥቅም ሰውን ከነታሪኩ ማወቁ ሆኖ ሳለ (የሆስፒታል ስፔሻሊስት እንኳ ያየውን ጽፎ የሚልከው ለእሱ ነው)፣ በየቀጠሮው ሌላ ሐኪም የሚያጋጥመው ታማሚ ይህን ጥቅም ከየት ያገኘዋል? በዚህ ረገድ ቅሬታዎን እጋራለሁ።

ስለዚህ ለእናትዎ ቀጠሮ ሲይዙ ያው ሐኪም እንዲያያቸው፣ ሰዓቱ እጥፍ እንዲሆንና በነጻ የሚመደበው አስተርጓሚ እንዲገኝ ይጠይቁ። በእርስዎ ፊት ደፍረው የማይናገሩት ምልክት ሊኖር ስለሚችል፣ ራስዎ ባያስተረጉሙ እመርጣለሁ። ሳሉ 3 ሳምንት ካለፈው ወይም ደም ካለው ግን አስተርጓሚ እስኪገኝ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይደውሉ።